ሁለት ሜጋ ከሁለት ሜጋ ሲበልጥ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት መስከረም ውስጥ፣ መስቀል ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። በሥራዬ ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ አብዛኛውን ሳስታውሰው ያስቀኛል። ይህን ግን ባስታወስኩት ቁጥር ጆሮዬ ይግላል። ልርሳው ብዬ ሞክሬ አልሆነልኝም። አሁን ደግሞ መርሳት እንደሌለብኝ ስለገባኝ ጻፍኩት።

አዳማ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ድርጅት የኮምፒውተር ፕሮግራም እጽፋለሁ። ሥራ አስኪያጁን ጨምሮ አራት ሰዎች ነን። በዚያ ክረምት አንድ የጤና ማሠልጠኛ ተቋም የአመልካቾች መመዝገቢያ ድረ ገጽ እንድንሠራለት አዘዘን። አመልካቹ ስሙን፣ ስልኩንና ዕድሜውን ይሞላል፤ ከዚያ ትራንስክሪፕቱን ስካን አድርጎ ይልካል። ተቋሙ የሰጠን አንድ ገደብ ነበር፦ የሚላከው ፋይል ከሁለት ሜጋ ባይት እንዳይበልጥ።

ኮምፒውተር የፋይልን መጠን የሚያውቀው በባይት ነው። «2516582» ዓይነት ቁጥር ይሰጣል። ይህን ማንም ሰው አያነበውም። ስለዚህ እኛ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ቁጥሩን አካፍለን ኪሎ፣ ሜጋ፣ ጊጋ እያልን ለሰው በሚገባ መልክ እናሳየዋለን። ቀላል ሥራ ነው፤ ተማሪዎች ገና ጀማሪ ሳሉ የሚሠሩት። እኔም በሰባት መስመር ጨረስኩት።

ችግሩ መጠኑ የሚታይበት ሳጥን ነበር። በስልክ ሲታይ ጠባብ ስለሆነ «2.4 ሜጋ ባይት» ለሚለው ጽሑፍ ቦታው አልበቃ ብሎ ወደ ሁለተኛ መስመር ይወርዳል። ዓይኔን አስጠላው። ከነጥቡ በኋላ ያለውን ቆርጬ ጣልኩት። 2.4 የነበረው 2 ሆነ፤ 2.9ም 2 ሆነ። ሳጥኔ አማረ።

የሥራ ባልደረባዬ በረከት ከኋላዬ ቆሞ አየና፣ «ሂሩት፣ ነጥቧን ተያት እንጂ፤ ሰው ይደናገራል» አለኝ።

«ሰው ሙዝ ሲገዛ ግራም ይቆጥራል እንዴ?» አልኩት። ሳቀና ወደ ወንበሩ ተመለሰ። በዚያ ሳምንት ራሴን በጣም ወድጄው ነበር።

ምዝገባው እንደተከፈተ ከተቋሙ ቅሬታ መጣ። «አመልካቾች ፋይሉ እምቢ አለን ይላሉ» የሚል። እኔም ከመቀመጫዬ ሳልነሳ፣ ገጹንም ሳልከፍት፣ «ፋይላቸው ከተፈቀደው በላይ ስለሆነ ነው፤ ይቀንሱት» ብዬ መለስኩ። ሁለተኛም መጣ፤ ያንኑ መለስኩ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ደግሞ ለቢሮው ሁሉ እንዲሰማ፣ «ገጹ ላይ በቀይ የተጻፈውን ማንበብ ካቃታቸው እኔ ምን ላድርግ?» አልኩ። ምላሴ ድሮም አያርፍም።

ምዝገባው የሚዘጋው ዓርብ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ያን ዕለት እኔ ሻሸመኔ ለአክስቴ ልጅ ሠርግ መሄድ ነበረብኝ። ሥራ አስኪያጃችን «እስኪዘጋ ድረስ ላፕቶፕሽ ከእጅሽ አይለይ» ብሎ ፈቀደልኝ። ረፋዱ ላይ ከአዳማ መናኸሪያ ሚኒባስ ያዝኩ። መቂን፣ ባቱን አልፈን ቡልቡላ ስንደርስ የኋላው ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማ ተብሎ የወረደውም አየር አልነበረውም። ሾፌሩ «ግማሽ ሰዓት ብቻ» አለን። የሾፌር ግማሽ ሰዓት ምን ያህል እንደሆነ ስለማውቅ ስልኬን ቻርጅ የማደርግበት ቦታ ፍለጋ ሄድኩ።

ከመንገዱ ማዶ «ፎቶ ኮፒ፣ ስካን፣ ላሚኔት» የሚል ሰሌዳ ያለው ቤት አየሁ። ባለቤቱ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ናቸው። ስልኬን ሰክተውልኝ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ኮምፒውተራቸው ፊት ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ተቀምጣለች። ወረቀቶቿን በፕላስቲክ ይዛ ደረቷ ላይ አስጠግታቸዋለች።

«እንደገና ይሞክሩት፣ ኦቦ ገመቹ» አለቻቸው።

«ጫልቱ፣ የኔ ልጅ፣ ዛሬ ብቻ ስምንት ጊዜ ሞከርን እኮ።»

«ዘጠነኛ ይሞክሩት።»

ሞከሩ። ከዚያ ጫልቱ ግንባሯን በመዳፏ መታች። አንገቴን ቀለስ አድርጌ ስክሪኑን አየሁት። የኔ ገጽ ነው። የኔ ሳጥን፣ የኔ ቀይ ቀለም። የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «የፋይልዎ መጠን 2 ሜጋ ባይት ነው። የሚፈቀደው እስከ 2 ሜጋ ባይት ነው። ፋይልዎ ተቀባይነት አላገኘም።»

ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። ለየብቻ ስጽፋቸው ሦስቱም ትክክል ነበሩ። አንድ ላይ ተደርድረው ሰው ሲያነባቸው ግን ያየሁት ገና ያን ቀን ነው።

ኦቦ ገመቹ ወደኔ ዞሩ። እኔ ማን እንደሆንኩ አያውቁም፤ ብሶታቸውን የሚሰማ ሰው ነው የፈለጉት። ሦስት ቀን ሙሉ ሲታገሉ እንደቆዩ ነገሩኝ። መጠኑ ሁለት ስለሚል፣ መጠኑን ማንም አልጠረጠረውም። የጠረጠሩት ማህተሙን ነው። ወረቀት እምቢ ሲባል ሌላ ምን ይጠረጠራል? ማህተሙ ደብዝዟል ተባለና ጫልቱ ረቡዕ ዕለት ወደ ተማረችበት ትምህርት ቤት ባቱ ሄደች። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የለም ተብላ ቀኑን ሙሉ ደጅ ጠናች፤ በማግስቱ ተመልሳ አዲስ ማህተም አስመታች። ከዚያ ማህተሙ ጎልቶ እንዲታይ ተብሎ ስካኑ በከለር ሆነ። በከለርም እምቢ ሲል ይበልጥ እንዲጠራ ጥራቱን ከፍ አደረጉት።

እኔ አግዳሚው ላይ ሆኜ እያንዳንዱን በሆዴ እቆጥራለሁ። ከለር ሲያደርጉት ፋይሉ ይጨምራል፤ ጥራቱን ከፍ ሲያደርጉት ደግሞ የባሰ ይጨምራል። መድኃኒት ያሉት ሁሉ በሽታውን ያባብሰው ነበር። የኔ ሳጥን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «2» እያለ ቁጭ ብሏል።

«ይህን የሠራውን ልጅ ፈጣሪ የእጁን ይስጠው» አሉ ኦቦ ገመቹ።

«አሜን» አለች ጫልቱ።

እውነቱን ልናገር፤ በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት ለማምለጥ ነው። መፍትሔውን እንደ መንገደኛ ነግሬያቸው ስልኬን ነቅዬ ልውጣ አልኩ። «ምናልባት ስካኑን በጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ ብትቀንሱትስ?» አልኳቸው።

ኦቦ ገመቹ መነጽራቸውን አወለቁ። «የኔ ልጅ፣ እኔ ጡረታ እስክወጣ የሂሳብ መምህር ነበርኩ። የፋይሉ መጠን ሁለት ነው። የተፈቀደው ሁለት ነው። ሁለት ከሁለት ይበልጣል እንዴ?»

«ሁለት አይደለም፤ ሁለት ነጥብ ምናምን ነው» አልኩ።

«ነጥቡ የታለ?»

«አይታይም።»

«የማይታየውን አንቺ በምን አወቅሽው?»

ጫልቱም ዞራ አየችኝ። ሌላ ውሸት ፈልጌ ነበር፤ ሳላገኝ አፌ ቀደመኝ። «እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኩ። «ነጥቡን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ፊቴ ቲማቲም እንደመሰለ ሳላየው አውቃለሁ። ጫልቱ፣ «ባቱ ሁለት ቀን የተመላለስኩት ባንቺ ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ይገባኝ ነበር። እሷ ግን ከወንበሯ ተነሳችና ወንበሩን በእጇ አሳየችኝ። «እንግዲያው ተቀመጪ። እኔ አራት ዓመት አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ እጅጌ ስሰፋ የኖርኩት ለዚህ ትምህርት ነው። የዕድሜ ገደቡ ዘንድሮ ያልፈኛል። ሳይገባልኝ ከዚህ ቤት አትወጪም።»

ተቀመጥኩ። ትራንስክሪፕቱን በጥቁርና ነጭ፣ በዝቅተኛ ጥራት እንደገና ስካን አደረግነው። ማህተሙ አሁንም ይነበባል። ላክነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ክብ ዞረ፣ ዞረ፣ አረንጓዴ ሆነ። የምዝገባ ቁጥር መጣ። ጫልቱ አላመነችም። ቁጥሩን መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችው፤ ደግሞ ሁለት ጊዜ ፕሪንት አስደረገችው። ከዚያ በኋላ ነው ዓይኗ እንባ ያቀረረው። እኔም ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ስልኬን ለመንቀል ተነሳሁ።

«ሌሎቹስ?» አለች።

«የትኞቹ ሌሎች?»

የአመልካቾች የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። ስልኳን ከፍታ አሳየችኝ። አንዱ «ማህተም አሳድሱ» ይላል። ሌላዋ «በከለር ስካን አድርጉ፣ ጥራቱ ከፍ ይበል» ትላለች። አንዲት ልጅ ከአርሲ ነገሌ «አምስት ጊዜ አስመትቼ አሁንም እምቢ አለኝ፤ ትቼዋለሁ» ብላ ጽፋለች። እያወረድኩ አነበብኩ፤ አያልቅም። ሦስት ጊዜ «ይቀንሱት» ብዬ የመለስኳቸው ሰዎች እነዚህ ናቸው። ማንበብ ያቃታቸው መስሎኝ ነበር። እነሱ ግን የጻፍኩትን አንብበው፣ አምነውኝ ነው የተንከራተቱት።

በዚህ መሐል ሚኒባሱ ጥሩምባ ነፋ። ጎማው ተሠርቷል። ሰዓቱ ዘጠኝ ሊሆን ነው፤ ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ሰዓት ቀርቶታል። ወጥቼ ሾፌሩን ሻንጣዬን እንዲያወርድልኝ ለመንኩት። «እኅቴ፣ ከዚህ ሌላ መኪና ላታገኚ ትችያለሽ» አለኝ። ችግር የለም አልኩት። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ስመለስ ኦቦ ገመቹ ጠረጴዛቸውን ጠርገው ላፕቶፔን የማኖርበት ቦታ አዘጋጅተውልኛል።

መጀመሪያ የደወልኩት ለበረከት ነው። «ነጥቧን ልመልሳት ነው፤ ልላክልህና አንተ ከዚያ ጫናት» አልኩት። «ነግሬሽ ነበር» አላለኝም፣ አልሳቀም። «እሺ» ብቻ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በስልኬ ኢንተርኔት ሠራሁ። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ነጥቡን መለስኩት። ቀዩንም ጽሑፍ ለወጥኩት፤ ፋይሉ በስንት እንደበለጠና ምን ቢያደርጉ እንደሚቀንስ እንዲናገር አደረግኩት። ሳጥኑ ጽሑፉን ችሎ ሁለት መስመር ሆነ። አስቀያሚ ሆነ። ይሁን አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው፤ በክረምቱ በአንድ ጠዋት ያፈሰስኩትን ቡልቡላ ላይ ተንበርክኬ ለቀምኩት።

እኔ ስጽፍ ጫልቱ ስልኳን አፏ ላይ አስጠግታ ለግሩፑ በድምፅ ትናገራለች፤ አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ። «ማህተም አይደለም! ስሙኝ፣ ማህተሙን ተዉት! መጠኑ ነው፤ ሁለት የሚለው ውሸቱን ነው!» ትላለች። ውሸቱን ነው ስትል በዓይኗ ጠርዝ ታየኛለች።

ግን ባቱ፣ መቂ፣ አርሲ ነገሌ ያለ ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ይህን ሰምቶ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ፣ እንደገና ስካን አድርጎ አይደርስም። ቀኑ መራዘም ነበረበት። ይህን የሚወስኑት የተቋሙ የሬጅስትራር ኃላፊ ወይዘሮ አልማዝ ናቸው፤ ያን ሦስት ጊዜ ቅሬታ የላኩልን እሳቸው ናቸው። ደወልኩላቸው።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስጨርስ፣ «ሦስት ጊዜ አልጻፍንልሽም?» አሉኝ።

«ጽፈውልኛል።»

«ምን ነበር ያልሽን?»

«ይቀንሱት።»

«እኛም ቢሯችን ለመጡት ልጆች ይኸንኑ ነበር ስንላቸው የቆየነው። ተሳድበው ሲወጡ ጥፋቱ የእነሱ ይመስለን ነበር» አሉ። ድምፃቸው ተቆጥቷል። «በቃልሽ ቀን አላራዝምም። ጥፋቱ የአመልካቾቹ አለመሆኑን በጽሑፍ አድርገሽ፣ ፈርመሽ ላኪልኝ። አሁኑኑ።»

ያን ደብዳቤ ስጽፍ ከሥራ እንደምባረር እርግጠኛ ነበርኩ። ሥራ አስኪያጄን እንኳ አላስፈቀድኩም። እሱን ሳስፈቅድ ሰዓቱ ያልፋል፤ ደግሞም እንዳያስቀረኝ ፈራሁ። ስህተቱ የኔ መሆኑን፣ ሦስት ጊዜ ተነግሮኝ አለማየቴን፣ ማንም አመልካች በዚህ ምክንያት መቅረት እንደሌለበት ጻፍኩ። ኦቦ ገመቹ ፕሪንት አደረጉልኝ፤ ፈረምኩ። ወረቀቱን ፎቶ ላነሳው ስል ያዙኝ።

«ማህተም የሌለው ደብዳቤ ደብዳቤ ነው?» አሉና ከመሳቢያቸው የፎቶ ኮፒ ቤታቸውን ማህተም አውጥተው ፊርማዬ ላይ ጠበቅ አድርገው መቱት። ተዉ ለማለት ጊዜ አልነበረኝም። እንደዚያው አንስቼ በቴሌግራም ላክሁት። ጫልቱ ሦስት ቀን ሙሉ ሳትስቅ ቆይታ ያኔ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ወይዘሮ አልማዝ ደወሉ። «እስከ ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ተራዝሟል» አሉ። ቀጥለው፣ «የቡልቡላ ፎቶ ኮፒ ቤት በዚህ ጉዳይ ምን አገባው?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሲስቁ ሰማኋቸው፤ ከዚያ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

ልሄድ ስል ጫልቱ ሻንጣዬን ተሸክማ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። በኢሱዙ የሚሄዱ ሽንኩርት ነጋዴዎች አስቆማ፣ ቦታ አስለቅቃ አስቀመጠችኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። «ይቅርታውን እነዚያ ሲገቡ እሰጥሻለሁ» አለችኝ። ከቀልዷ ይልቅ ቁም ነገሯ ይበዛል።

ማታውን በረከት ዝርዝሩን ላከልኝ። ፎርሙን ሞልተው ፋይሉ ላይ የቆሙ ስልሳ አንድ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም መጠናቸው ሁለት ነጥብ ምናምን። ቅዳሜ አክስቴ ቤት ሰው ሁሉ ለሠርጉ ሲሯሯጥ እኔ ጓዳ ገብቼ ደወልኩ። ስሜን እነግራለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ፣ እንዴት እንደሚቀንሱት አስረዳለሁ፣ ለሚቀጥለው እደውላለሁ። አንዳንዱ ሰደበኝ። አንዱ ስልኩን ለሚስቱ ሰጥቶ እሷም ሰደበችኝ። ያቺ የአርሲ ነገሌዋ ልጅ ግን አለቀሰች። አክስቴ «ሥራ ነው ወይስ ንስሐ?» አለችኝ። ሁለቱም ነው አልኳት።

ከሥራ አልተባረርኩም፤ ደሞዜ ግን ዘንድሮ አልተጨመረም፣ አልከራከርም። ጫልቱ የመግቢያ ፈተናውን አልፋ ገብታለች፤ የላቦራቶሪ ትምህርቷን ጀምራለች። ሰኞ ምዝገባው ሲዘጋ ከስልሳ አንዱ ስልሳው ተመዝግበው ነበር።

የቀረው አንድ ሰው ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም። መዝገቡ ላይ እንደሚታየው በሦስት ቀን ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሞክሯል። የፋይሉ መጠን 2.1 ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው አቆመ። ስልኩ ያኔም አልተነሳም፤ ከዚያ ወዲህ በየወሩ እደውላለሁ፣ ዝግ ነው ይለኛል። ድሮ ቢሆን የተቻለኝን አድርጌያለሁ ብዬ እተወው ነበር። አሁን ግን ስልሳው በመግባታቸው ብቻ ደስ ሊለኝ አልቻለም።

ምዝገባው በሚቀጥለው ወር እንደገና ይከፈታል። ዕድሜውን ፎርሙ ላይ አይቻለሁ፤ ገደቡ ሊያልፈው አንድ ዓመት ይቀረዋል። የመኖሪያ ከተማ በሚለው ቦታ ላይ መቂ ብሎ ጽፏል። መቂ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሰው ጠይቆ ሰው ይገኛል። ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እሄዳለሁ።